ቅሬ ውጣ

«ስትሞቺስ ማን ይቀብርሻል?» አለ አባቴ። ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ወደ ልመና ያደላ ነበር።

«መሬት አይጠፋም» አለች እናቴ። እጇ ሥራ አልፈታም፤ ነጩን አቡጀዲ ጭኗ ላይ ዘርግታ በክንዷ ትለካለች።

«መሬቱማ ሞልቷል፣ እትዬ የሻረግ። የሚጠፋው ቆፋሪው ነው» አለ ጋሽ ውቤ ከመደቡ ላይ ሆኖ። ጋሽ ውቤ የሰፈራችን ሹም መልእክተኛ ነው፤ የጠላውን ዋንጫ እንደ ያዘ የአባቴን ቃል ይጠብቃል።

ልጅ እያለሁ፣ ጣልያን ደሴን በያዘበት ዘመን፣ ቤታችን ከዚህ የከበደ ክርክር ሰምቶ አያውቅም። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውንም የሚያበላው ቅሬያችን እስከዚያ ድረስ አንድ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆፍራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። በዚያ ሳምንት ግን ጣልያን የሾመው ሹም «ለየሃይማኖቱ ይሁን» ብሎ ለሁለት ከፈለው። ለክርስቲያኑ ቅሬ አባቴን ዳኛ አደረገው። ወደ ሌላው ወገን ለቅሶ የሄደ ከቅሬው ይወጣል ተባለ። አዋጁ ገና ከጆሯችን ሳይወጣ ጎረቤታችን እማ ዘሐራ ዐረፉ፤ እናቴም መቀሷን አንሥታ አቡጀዲውን ዘረጋች።

እናቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች። የስፌት መኪና ያስተማረቻት እዚያ ሱቅ የነበረው የአንድ የመናዊ ሚስት ናት። ስትዳር መኪናዋን በበቅሎ አስጭና አቀበቱን ወጣች፤ የደሴን ብርድ ግን እስከ መጨረሻው አልለመደችውም፣ በበጋም ጋቢ ደርባ ነበር የምትሰፋው። ከፒያሳ በስተጀርባ በነበረችው ጠባብ ቤታችን እኔ የምተኛው በዚያ መኪና ድምፅ ነው፤ ትራሴም የመኪና ዘይትና ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ይሸት ነበር። የሙሽራ ቀሚስ ሰፍታ አሳደገችን። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም፤ የደብራችንን መጋረጃም የምትሰፋው በእነዚያ ቀኖች ነበር፣ «ሆድ ሲጎድል እጅ ይጠነቀቃል» እያለች።

የሰፈሩን የሙት ልብስ የምታዘጋጀውም እሷ ነበረች። ገና ሙሽራ ሳለች ለአንድ እስላም ሽማግሌ ከፈን አዘጋጂ ቢሏት፣ የደግ ሰው ሥራ የሠራች መስሏት ዙሪያውን በመኪና ጠቅጥቃ፣ ጫፉንም በክር ቋጥራ ወሰደችው። እማ ዘሐራ ገልበጥ አድርገው አዩት። «አንቺ የሻረግ» አሉ፣ «ሰውየው የቂያማ ዕለት ልነሣ ሲል በክር ልታስቀሪው ነው?» የለቅሶ ቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስፌቱን ሲተረትሩ አረፈዱ። ሌላው ወዳጅነት በመስፋት ይጠብቅ እንደሆነ እንጃ፤ የእነሱ የጠበቀው በመተርተር ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለከፈን መርፌ አታነሣም። በመቀስ ጫፉን ትነካውና ቀሪውን በእጇ ትቀደዋለች። የዚያ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚያሰማው ረጅም ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የፈራው ለእሷ ነው። «ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ከቅሬ መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከቅሬ ለወጣ ሰው እሳት የሚያጭረው የለም፤ ሞት ቤቱ ሲገባ ሬሳውን ታቅፎ ደጅ ደጁን ያያል። ደግሞም የማስወጣቱን ቃል የሚናገረው ዳኛው ነው፤ ዳኛው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ዛሬ እኔም ቤት አለኝ፣ ቅሬም አለኝ። ስጠራ እሄዳለሁ፣ ንፍሮዬን ዘግኜ እመለሳለሁ፤ የሟቹን ስም መንገድ ላይ የምጠይቅበት ቀን ግን እየበዛ ነው። እናቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቁመት ታውቅ ነበር፤ በቁሙ ሲያልፍ እያየች ስንት ክንድ እንደሚሆን ትናገራለች፣ ይህንንም እንደ ሟርት የሚቆጥርባት አልነበረም። እንዲህ ሆኖ በሰው መታወቅ ያኔ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ያስቀናኛል።

ቃል ማገላበጥ የጀመርኩትም ያን ቀን ይመስለኛል። ሰው ከቅሬ ሲባረር «ወጣ» እንላለን። ለቀብር ተጠርቶ ሲነሣም «ወጣ» ነው የምንለው፤ ለፋፊው በየደጁ የሚጮኸው «ቅሬ ውጣ» እያለ ነው። በዚያች ሰዓትም የእስላሞቹ ለፋፊ ድምፅ ከታች ከመንገዱ ይሰማ ነበር።

እናቴ ጨርቁን አጠፈችና ከነጠላዋ ሥር ያዘችው። «ዳኛው እርስዎ ነዎት፤ ይፍረዱ» አለችው አባቴን። «እኔን የሬሳው አጣቢዎች ይጠብቁኛል።» ሄደች።

«እንግዲህ፣ አያ ተሰማ» አለ ጋሽ ውቤ፣ «ለሹሙ ምን ልበል? የመጀመሪያው ፍርድ በሚስት ከላላ፣ ቅሬው የልጆች ጨዋታ መሆኑ ነው።»

አባቴ እሷ ወደ ወጣችበት በር ዞረ። «ጉድጓዱን ማን ይዞታል?» ሲል ጠየቀ።

«የእማ ዘሐራ የልጅ ልጆች ናቸው አሉ። ገና ለጋ ናቸው።»

«እዚያ ላይ መሬቱ ድንጋይ ነው» አለ አባቴ፣ ለማንም ሳይሆን። ተነሥቶ ከጥግ ዶማውን አነሣ።

ጋሽ ውቤ ዋንጫውን ከአፉ መለሰ። «ኧረ አያ ተሰማ፣ ወዴት ነው? እኔ ቃል ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ውሰድ» አለ አባቴ። «የሻረግ ወጥታለች በለው።» ዶማውን ትከሻው ላይ አደላደለ። «ዳኛውም ወጣ በለው።»

ጋሽ ውቤንና እኔን እንደ ተቀመጥን ትቶን ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።