የጎማው ሌላኛው ጫፍ

መጋቢው በወጣትነቱ ግንበኛ ነበር። ይህን ምዕመናኑ ሁሉ ያውቃሉ፤ በስብከቱ መሃል አሸዋና ስሚንቶ ሳይነሳ ያለፈ እሑድ ጥቂት ነው። የማያውቁት ሌላ ነገር ነበር፤ መጋቢው ብቻውን ሲሆን መጸለይ ከተሳነው አምስት ወር ሞልቶታል።

በሰው ፊት አንደበቱ አልተያዘም። ለታመመ ይጸልያል፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ሐዘን ቤት ገብቶ የማጽናኛ ቃል አያጣም። ክፍሉ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ግን ቃሉ ሁሉ ከአንገት በላይ ይሆንበታል። ተንበርክኮ የወለሉን ስንጥቅ ሲያይ ቆይቶ ይነሳል። ለማን ይንገር? የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይደነግጣሉ፣ ምዕመናን ይሸሻሉ፣ ሚስቱ ታዝናለች ብሎ ፈራ። ሆድ ይፍጀው አለና ዝም አለ። ዝም ብሎም በወሩ መጨረሻ አገልግሎቱን ሊለቅ ወሰነ።

ከመሄዱ በፊት ግን የሕፃናቱን መማሪያ ክፍል በገዛ እጁ ሠርቶ ሊያስረክብ አሰበ። ሽማግሌዎቹ ሠራተኛ እንቅጠር ቢሉት፣ "እኔ እያለሁ?" ብሎ ከለከላቸው። ለራሱም፣ "ቢያንስ ግንቡ እውነተኛ ይሆናል" አለ። የዕረፍት ቀኑ ሰኞ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለግንቡ ሰጠው።

በሦስተኛው ሰኞ ጠዋት ጣቶቹን ስሚንቶ በልቷቸው የሸሚዙ ቁልፍ አልታዘዝ አለው። ሚስቱ መጥታ ትቆልፍለት ጀመር። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቀልድ ታውቃለች፣ ዓይኗም ነገር አይስትም።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።"

"ማን ናት እሷ?"

"ጢም ያላት ሴትዮ ናት" አለችና ጢሙን ሳብ አደረገችው። ከዚያ ሳቋን ተወች። "ሰው ሁሉ ያንተ ነው። አንተ የማን ነህ?"

"የእግዚአብሔር።"

"እሱማ ስብከት ነው። እኔ የጠየቅኩህ ከሰው ነው።"

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እሷም ስልኳን አነሳች።

ረፋዱ ላይ የግቢው በር ተንኳኳና "ሸምበቆ!" የሚል ድምፅ ገባ። መጋቢው ሳያይ አወቀው። በዓለም ላይ እሱን ሸምበቆ ብሎ የሚጠራ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ገና ቀጭን ጎረምሳ ሳለ ግንበኝነት ያስተማሩት ጋሽ ውሃልክ። ለአዛውንቱም ውሃልክ የሚለው ስም የወጣላቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግንብ ሲያዩ የጣት ውፍረት መዛባት ስለማያመልጣቸው ነበር።

"ጋሼ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?"

"ሚስትህ ናታ። ባሌ ብቻውን ከብሎኬት ጋር እያወራ ነው አለችኝ።" ወደ ግንቡ ዞሩና አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይሄን ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"የጠላት ልጅ ሊማርበት ነው?"

እስካሁን የተደረደረው ሦስት ረድፍ ብሎኬት ወደ ኋለኛው ጥግ ሲሄድ አራት ጣት ያህል ዘቅዝቋል። መጋቢው ደነገጠ። የተራራቁ ጥጎችን እኩል ለማድረግ ግንበኞች ውሃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ አላቸው። አንዱ ሰው አንዱን ጫፍ ምልክቱ ላይ ይይዛል፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ ውሃው ከምልክቱ ሲገጥም ይጠራራሉ። መጋቢው አንዱን ጫፍ ምሰሶ ላይ በሽቦ አስሮ፣ ሌላውን ይዞ ብቻውን በጥጉ ዞሮ ነበር። ሲዞር ውሃ ፈሰሰ። በታሰረው ጫፍ ያለው ውሃ ከምልክቱ መውረዱን ግን ማን ይንገረው?

"ሽቦ አፍ የለውም" አሉ ጋሽ ውሃልክ። "ይሄን በመጀመሪያው ቀን ነው ያስተማርኩህ። በል አፍርሰው።"

አብረው አፈረሱት። ከዚያ መጋቢው አንዱን ጫፍ ምልክቱ ላይ ያዘ፣ ጋሽ ውሃልክም ሌላውን ይዘው ከጥጉ ወዲያ ተሰወሩ።

"ያዝክ?"

"ይዣለሁ! ወርዷል፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት!"

"አሁንስ?"

መጋቢው ውሃውን ትኩር ብሎ አየ። የሰው ፊት አይታየውም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፉ የተፈታው።

"ጋሼ… መጸለይ አቅቶኛል።"

በጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አምስት ወር። በወሩ መጨረሻ ልለቅ ነው።"

"ለጊዜው ጎማውን እንዳትለቅ ብቻ።"

መጋቢው ሳቀ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነበት። እጆቹ ስለተያዙ እንባውን የሚጠርግበት አልነበረውም።

"ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ" አለ ድምፁ ከወዲያ፣ "እግዚአብሔርን አኩርፌ ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ 'ዛሬም እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ ልጸልይልዎት' ትለኝ ነበር። ያኔ ንቀኸኝ ነበር?"

"ኧረ በፍጹም!"

"እና ላንተ ሲሆን ሕጉ ተቀየረ?" አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሸምበቆ ደክሞታል። ቀና አድርገው። እስኪቀና እኔ ይዤዋለሁ። አሜን። በል እየው፣ እጄ ዛለ!"

"ልክ ነው፣ ምልክት ያድርጉበት!"

ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን እየታጠቡ፣ "እኔ ሰኞ ሰኞ እመጣለሁ" አሉት። "ግን ስለ መድረክ ሸክም አላውቅም። ግንበኛ የሚያማክረው ግንበኛን ነው። የሙያህን ሰው ፈልግ።"

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለሚስቱ ነገራት። ሳትደነግጥ እጁን ያዘች። "ካወቅኩ ቆየሁ እኮ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።" ሽማግሌዎቹም አልተበሳጩም፤ አንድ ወር ከመድረክ እንዲያርፍ ለመኑት፤ እሱም እሺ አላቸው። ከሁሉ የከበደው ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ጋ መሄድ ነበር። ድምፁ የሚያስተጋባ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ዓመታት ሙሉ የተነጋገሩት ቀብር ላይ ብቻ ነበር። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ተነስቶም የቢሮውን በር ዘጋ።

"ወንድሜ፣ እኔም እኮ የምነግረው ሰው የለኝም" አለው።

ሊለቅበት ያሰበው የወር መጨረሻ ሰኞ ቀን ዋለ። መጋቢው በማለዳ ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኮ "እባክህ" አለ። ከዚያ በላይ አልመጣለትም፤ ቃሉ ግን ከአንገት በላይ አልነበረም። ከዚያ ወደ ግንቡ ሄደ። ሊያግዘው የመጣው የማዶው አገልጋይ የጎማውን ጫፍ ሲያነሳ ውሃው በሚያብረቀርቀው ጫማው ውስጥ ገባ።

"ኧረ ሰውዬ!" ጮኹ ጋሽ ውሃልክ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው። "ይሄ ስብከት አይደለም፣ ዝም ብለህ ውሃውን ማየት ነው!"

መጋቢው እየሳቀ፣ በጆሮው እርሳስ ሰክቶ፣ ሌላውን ጫፍ ይዞ በጥጉ ዞረ። ከወዲያ የሚያስተጋባው ድምፅ እስኪመጣ ጠበቀ።

"ልክ ነው!"

እርሳሱን አውጥቶ ምልክት አደረገ።