በቁራኛ ወደ አያቶቻችን ዘመን የሄድንበት ቀን

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ይታወቅልኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው፤ የጀመርኩትን ዜና መጨረሻ ለማወቅ ሌላ ስኳር እስኪገዛ ድረስ እጠብቅ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አጠገብ ዣንጥላ ተክዬ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ፤ አርባ ዓመት ያህል ጻፍኩ። እኔ የጻፍኩትን ክስ ዳኛ «አልገባኝም» ብሎ መልሶት አያውቅም። ዲግሪ ያላቸው ጠበቆች ሳይቀሩ አንቀጽ ሲጠፋባቸው ዣንጥላዬ ሥር ጎንበስ ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ከሥራው የወጣሁት ኮምፒውተር መጥቶ ነው እንጂ ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ዛሬም ያለ መነጽር ክር በመርፌ አስገባለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቤቴ መዋል ስጀምር ንብ ያዝኩ። ዘመናዊውን ቀፎ ማንም አላስተማረኝም፤ የግብርና ሠራተኞች ለሌላ ሰው ሲሠሩ በአጥር አይቼ በራሴ መጋዝ ሠራሁት። በመንደራችን በንብ ማነብ የሚስተካከለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አጥር የምንካፈለው ጎረቤቴ ነው። በሦስት ዓመት ስለምበልጠው «አያ» ይለኛል። ሠላሳ ዓመት አብረን የሚካኤልን ማኅበር ጠጥተናል።

ጠባችንም ከንብ መጣ። መስከረም ማለቂያ ላይ አንድ የንብ መንጋ ከእሱ ቀፎ ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ እኔ ባዶውን ሰቅዬው ከነበረው ቀፎ ገባ። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ለሰው ማመልከቻ ላይ ጽፌዋለሁ። ባለቤቱ ሸሽቶ የሚሄደውን ንብ በዓይኑ እየተከተለ ከመጣ ንቡ የእሱ ነው፤ መከተሉን ከተወ ንቡ ያረፈበት ሰው ነው። እሱ «አጥሩ ድረስ ተከትያለሁ፤ ያስቆመኝ ውሻህ ነው» አለ። እኔ ደግሞ በሽማግሌዎች ፊት «ማንም ሲከተል አላየሁም» አልኩ። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ተነሡ።

ነገሩ ንብ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ግን በማኅበራችን ደንብ የተጣሉ ሰዎች ጽዋ አይቀባበሉም። የጥቅምቱ ሚካኤል የእሱ ተራ ነበር፤ የዚያን ቀን ጽዋውን ከእጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚወስደውና ለኅዳር የሚደግሰው እኔ ነኝ። የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ትልቁ በዓል ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ተራ ነው። ሳንታረቅ ጥቅምት አሥራ ሁለት ከደረሰ ጽዋው እኔን ዘሎ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ሚስቴ ብቅሉን አብቅላ አስጥታዋለች። በየቀኑ ብቅሉን አገላብጣ እኔን ታያለች።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። በመጨረሻው ሽምግልና ላይ ተሰላችቶ «በድሮው ዘመን ቢሆን በቁራኛ ታስራችሁ ወደ ዳኛ ትሄዱ ነበር» አለ። ቁራኛ ማለት የከሳሽና የተከሳሽ የልብስ ጫፍ አንድ ላይ ታስሮ፣ ያለ ዘብ፣ ሁለቱ በራሳቸው እግር ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ሥርዓት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮኝ ወደኋላ አልልም።

«እሰር» አልኩት።

ጎረቤቴም «እሰረን» አለ።

ዳኛ እንዲሆኑን የመረጥናቸው ከወንዙ ማዶ ያሉትን፣ ደብረ ወርቅ ተምረው የመጡትን አዛውንት መሪጌታ ነው። መንገዱ በእግር ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ መምህሩ ታዛቢ ሆኖ አብሮን ሊሄድ ተስማማ። እዚህ ላይ ብልሃቴን ጨመርኩበት። «ቋጠሮው ከታሰረ ጀምሮ እስኪፈታ ያለነው በአያቶቻችን ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣን ነገር የጠራ ወይም የተጠቀመ ተረታ» አልኩ። ጎረቤቴን አውቀዋለሁ፤ ሞባይል ሳያነሣ ሩብ ሰዓት አይቆይም። ይሁን እንጂ ምንም ሳይከራከር መስማማቱ ቅር አለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ የጎረቤቴ ሚስት በአጥሩ በኩል ጠራችኝና አንዲት ክኒን በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረች።

«የግፊት መድኃኒቱ ናት። እኩለ ቀን ላይ ካልዋጣት ያዞረዋል። እሱ እልኸኛ ነው፤ ዛሬ አልይዝም ብሎኛል።»

«ለመምህሩ ለምን አትሰጭውም?»

«መምህሩ ይረሳል። እርስዎ ግን ለመርታት ሲሉም ቢሆን አይረሱም።»

የባላጋራዬ ሽንፈት በወረቀት ተጠቅልሎ ኪሴ ገባ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

መምህሩ የሁለታችንን ጋቢ ጫፍ ከጫፍ ቋጠረው። ውኃ በቅል፣ ስንቅ በአኮፋዳ ያዝን፤ እኔ አንድ ቁራጭ ማር በቅጠል ጠቅልዬ ነበር። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ከደጀን በኩል አሸዋ የጫነ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። መምህሩ ቆም አለና «ደጃዝማቹ ከነጓዛቸው እያለፉ ነው፤ እጅ ንሡ» አለን። ሁለታችንም በአንድ ቋጠሮ ጎንበስ አልን። ሾፌሩ ግራ ገብቶት እሱም በመስኮት ጎንበስ አለ።

«ደጃዝማቹ ትሑት ናቸው» አለ ጎረቤቴ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ደረት ኪስ ጮኸ። ይህ በድንገት የሆነ አይደለም፤ አማቼን «ልክ በሦስት ሰዓት ደውልለት» ብዬው ነበር። ጎረቤቴ ደረቱን መታ መታ አደረገ።

«ፌንጣ ገብቶብኛል» አለ።

ፌንጣው ዝም አለና እንደገና ጮኸ።

«እስኪ አውጣው» አልኩት።

«ተወው፤ ደክሞት ይሆናል።» ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ «ይህን ፌንጣ የላከብኝ ያንተ አማች ሳይሆን አይቀርም» አለ።

ቀጥሎ የእሱ ተራ ሆነ። ስለ ጤፉ ማማር እያወራ ሳለ በመሐል እንደዋዛ «አያ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ። የእጅ ሰዓቴን ለማየት ክንዴ ሊነሣ ነበር፤ ነገር ግን ሰዓቴን ገና ከቤት ሳልወጣ አውልቄዋለሁ። ቀጥ ብዬ ቆምኩና ጥላዬን በጫማዬ ለካሁ። «ጥላዬ አምስት ጫማ ተኩል ነው፤ ቀሪውን አንተ አስላ» አልኩት። መምህሩ ሳቀ። ያን የመሰለ መልስ በችሎትም ሰጥቼ አላውቅም።

እኩለ ቀን ሲሆን አንድ ወይራ ሥር ተቀመጥን። ጎረቤቴ ቆሎውን አልነካም። ግንባሩ ወዝቷል፤ ጨዋታውንም ትቶታል። ጋቢያችን የታሰረ ስለሆነ ጎኑ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«ያዞርሃል?»

«ፀሐዩ ነው።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። «እንካ ክኒንህ» ብለው እሱ አይውጣትም፤ ያለ መድኃኒት የቀረውን ዳገት ይወጣል፤ ምናልባትም ዳገቱ ላይ ይወድቃል። ቢውጣት ደግሞ የዛሬ ዘመን መድኃኒት ተጠቅሟልና ይረታል፤ መንጋውም ጽዋውም የእኔ ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ታየኝ፦ የተረታና ያቄመ ሰው ጽዋውን በምን እጁ ያቀብለኛል? የፊቱም ቀለም ደስ አላለኝም። ክኒኗን በማሩ ውስጥ ቀብሬ ዘረጋሁለት።

«አያቴ ከአንድ ደብተራ የተማረው መድኃኒት ነው። የቆላ ፍሬ ነች፤ ለራስ ማዞር ትሆናለች።»

ማሩን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። «ይቺ ፍሬ መሐሏ ላይ መስመር አላት።»

«በእኛ ዘመን ፍሬ ሁሉ መስመር አለው።»

«ዛፏ ምን ይባላል?»

«ቆላ ነው ያልኩህ። እኔ ደገኛ ነኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዋጣት፤ ከቅሉ ውኃ ተጎነጨ። «የዚህን ፍሬ ምሬት አውቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶን የሰማዩን አሞራ ይመለከት ነበር፤ ሰማዩ ላይ አሞራ አልነበረም።

ካረፍን በኋላ ጎረቤቴ ነፍስ ዘራ። መምህሩ መንገዱን ሊያይ ወደፊት ቀደመን። ዳገቱን ስንወጣ ጎረቤቴ በፍቅር ያወራኝ ጀመር። ክንዴን ደገፍ አድርጎ «አያ፣ ዕድሜ ግን ክፉ ነው። ድሮ እዚህ ሆነህ ከማዶ ያለውን በሬ ቀለም ትለይ ነበር። ዛሬ አጥርህ ሥር የቆመ ሰውም አይታይህም» አለኝ።

«ማን? እኔ?»

«አይፈረድብህም። ሰባ ዓመት አለፈህ።»

«ስማ» አልኩት፤ «ያን ቀን ከአጥሩ ማዶ ስትቆም የባርኔጣህ ጠርዝ በግራ በኩል ተቀዶ ክሩ እስከ ጆሮህ ተንጠልጥሎ ነበር። ያንን ያየሁት ከቀፎው ሥር ሆኜ ነው። ሃያ እርምጃ ይሆናል።»

ተናግሬ ሦስት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ያልኩት ነገር ገባኝ። ቆምኩ። ጋቢው ሲይዘው እሱም ቆመ። ወደ መምህሩ አየሁ፤ ርቋል፤ አልሰማም።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ምኑን?» አለ ጎረቤቴ። «ዳገት ስወጣ ጆሮዬ ይደፈናል።»

እኔ ራሴ ለአርባ ዓመት ምስክር ሳጣራ እንዲህ ያለ ብልሃት አልመጣልኝም። ሰው የሚኮራበትን ሲነኩበት ሁሉን እንደሚናገር ያወቀው ከእኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ተቀምጧልና። 

መሪጌታ ግቢያቸው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። የታሰረውን ጋቢ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይህን ካየሁ ስንት ዘመኔ» አሉ። ከዚያም ከሳሹ እንዲናገር አዘዙ።

ጎረቤቴ ባርኔጣውን አወለቀ። አሁን ዳገት ላይ ያልኩትን ሁሉ ያወጣዋል ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መካጃ ቃላትም በአፌ አሰናድቼ ነበር፤ ምስክር የለውማ።

«አባቴ፣ ንቦቼን እየተከተልኩ አጥሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወንድሜ ይናገር» አለ።

ሙሉ ንግግሩ ይኸው ነበር። ይዞኝ ሳለ ለቀቀኝና ጉዳዩን ለእኔ ተወው። እኔ ብዙ ተከራካሪ አይቻለሁ፤ አሸንፎ ሳለ ቃሉን ለባላጋራው የሚሰጥ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ያዘጋጀሁትን ክህደት ተውኩት።

«አባቴ፣ አይቼዋለሁ» አልኩ። «ቆሞ ነበር። ባርኔጣው ተቀዶ ነበር። ለሽማግሌዎች አላየሁም ያልኩት ውሸቴን ነው።»

«ይህን ለመናገር ስድስት ሰዓት ተጓዝክ?»

«አባቴ፣ በመኪና ብንመጣ ኖሮ አልናገርም ነበር።»

መምህሩ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ፣ ተረቱ» አለ። «መኪና ብለዋል።»

መሪጌታ በሳቅ ወደኋላ ሊወድቁ ሲሉ ጎረቤቴ ያዛቸው፤ ታስረን ስለነበር እኔም አብሬ ያዝኳቸው። ፍርዱ ቀላል ሆነ፤ መንጋው የጎረቤቴ ነው፤ ማሩ እስኪቆረጥ እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ከተቆረጠ በኋላ በእኔ ቀፎ እንዳለ ወደ እሱ ግቢ ይሻገር። ቋጠሮውን መሪጌታ በጣታቸው ሊፈቱ ሞከሩ፤ በላብ ጠብቆ አልፈታ አላቸው። በመጨረሻ ጎረቤቴ በጥርሱ ፈታው። ወደ ቤት የተመለስነው በባጃጅ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ከኋላ ተጣበን፣ ጎረቤቴ አማቼን በስልክ እየሰደበ።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ጎረቤቴ ቤት ማኅበሩ ተጠጣ። ሲያበቃ ጽዋውን አንሥቶ በማኅበርተኞች መሐል ወደ እኔ መጣ። ሁሉም ያያል። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

«አያ፣ ከብዶሃል?» አለኝ።

«አንተ የያዝከው ነገር መቼ ከብዶኝ ያውቃል» አልኩት። ሚስቴ ከሴቶቹ በኩል ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም፤ በማግሥቱ ጌሾውን ስትወቅጥ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ በዚያ ሰሞን ያከናወንኩትን እንዲህ እዘረዝራለሁ፤

በሰባ ሦስት ዓመቴ ዳገቱን ከሌላ ሰው ጋር ታስሬ ሳልወድቅ ወጣሁ።

ሰዓትን በጥላዬ ለክቼ ተናገርኩ፤ መምህሩ በኋላ በስልኩ ሲያመሳክር የሳትኩት በጥቂት ደቂቃ ነው።

የታመመን ሰው ሳላሳፍር መድኃኒቱን አስዋጥኩ። ሐኪምም ሁልጊዜ አይችለውም።

በገዛ አፌ ራሴን ረታሁ፤ እኔን ሊረታ የሚችል ሌላ ሰው አልተገኘምና።

መንጋውን አንድ ንብ ሳይነድፈኝ አሻገርኩ። እሺ፣ ሁለት ነድፈውኛል።

የኅዳርን ሚካኤል ደገስኩ፤ ጠላው እስከ ማታ በቃ፤ የመጣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ሄደ።

ከጎረቤቴ ግቢ ጋር በሚያካፍለን አጥር ላይ መግቢያ በር አበጀሁ፤ ማጠፊያውንም የሠራሁት በራሴ እጅ ነው።