የጋሽ ደምሴ ድራም በሪያድ

ከናዝሬት የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ጎረቤት ሊሰናበተኝ ተሰብስቦ፣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስትጠቀጥቅ፣ አባቴ ከሰው መሃል ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ድራሙን አንድ በአንድ እያወጣ ሳሎን መሃል ይተክል ጀመር። አባቴ ጋሽ ደምሴ ዕድሜውን የፈጀው የሆቴል ባንድ ውስጥ ድራም ሲመታ ነው። ፖስተር ላይ የሚለጠፈው ግን የዘፋኙ ፎቶ ነበር፤ የእሱን ስም ከባንዱ ሰዎችና ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባንዱ ከተበተነ ወዲህ ድራሙን ነክቶት አያውቅም።

"ስልክህን አውጣና ቅዳ" አለኝ። "እዚያ ሄደህ የፈረንጅ ድራም ስትቆራርጥ ከምትውል የእኔን ቁረጥ።"

እኔ የብሬክቢት ሙዚቃ ሠሪ ነኝ፤ አልፎ አልፎም ዲጄ። ለማያውቅ ላስረዳ። የድሮ ባንድ ሲጫወት ሌሎቹ ዝም ብለው ድራሙ ብቻውን የሚቀርባት አፍታ አለች። እሷን ቆርጠህ፣ በታትነህ፣ አፍጥነህ ትደጋግማታለህ፤ ሌላው ሁሉ እሷ ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ጭፈራ ቤት ሞክሬ "ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?" እያሉ አውርደውኛል። ስለዚህ ሪያድ ትንሽ ሠርቼ፣ ዕቃ ገዝቼ ልመለስና ከአባቴ ጋር ስቱዲዮ ገብተን በወጉ ልንቀዳ ተስማማን። ያን ማታ እሱ መታ፣ እኔ ቀዳሁ፣ እናቴ አለቀሰች።

ሪያድ የገባሁት በቤት ሾፌርነት ነው። ሱለይማኒያ የሚባል ሰፈር፣ ከአሠሪዬ ቪላ በር አጠገብ አንዲት ክፍል ሰጡኝ። የናዝሬት ሰው ስለሆንኩ ሙቀት የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላውቅም፣ እዚህ በቀትር የመኪና መሪ በባዶ እጅ አይያዝም። ናዝሬት ሰው እንደምን ዋልክ ሳይልህ አያልፍም። እዚህ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው ካየህ መኪናው ተበላሽቶበት ነው። ሩዙ ጥሩ ነው፣ ብዙ ነው፣ ግን እናንተዬ፣ ሩዝ ስንት ቀን ይበላል?

የሾፌር ሥራ ደግሞ መጠበቅ ነው። ማዳም፣ የአሠሪዬ ሚስት፣ ገበያ ትገባለች፤ እኔ መኪናው ውስጥ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እሠራለሁ። የዚያ መኪና ስፒከር አዲስ አበባ ካየኋቸው ስቱዲዮዎች ሁሉ ይበልጣል። ማዳም መጥታ እንሂድ ለማለት "ያላ" ስትል ላፕቶፔን አጥፌ ሾፌር እሆናለሁ።

የአባቴን ቅጂ ደጋግሜ ሳዳምጥ አንድ ቦታ አገኘሁ። ቀኝ እጁ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል፣ ምቱ ያነክሳል፣ ከዚያ ሮጦ ይደርስበታል። እንዲህ ያለ ምት ማንም አስቦ አይመታውም። ሌላውን ሁሉ ትቼ ሙዚቃውን ከእሷ ሠራሁና "ደምሴ" አልኩት።

የአሠሪዬ ልጅ ፈይሰል አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሰማውና ካልወሰድኩህ አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጓደኞቹ ለመዝናኛ የሚከራዩት ግቢ አለ፤ ኢስቲራሃ ይሉታል። እዚያ አጫወትኩ። ያቺ ያነከሰችው ምት ስትመጣ ሁሉም ትከሻቸውን እኩል ጣል ያደርጋሉ። ማይክራፎኑን ይዤ "ድራሙን የሚመታው አባቴ ነው፣ ደምሴ!" አልኩ። ጎረምሶቹም "ደምሴ! ደምሴ!" እያሉ ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ መጠራት ጀመርኩ። አባቴ በስተርጅና ስሙ ሲጠራ ሰማሁ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ብዙም ሳይቆይ እህቴ ደወለች። አባዬ የነርቭ ሕመም አለበት፣ ሲደብቀን ነው እንጂ ቆይቷል፣ ቀኝ እጁ ማንኪያ አልይዝ ብሏል አለችኝ። እጁ ጭራሽ ሳይከዳው ደርሼ ልቅዳው ብዬ ከፊሌ ዘንድ ሄድኩ። ከፊል ማለት እሱ ሳይፈቅድ ከአገር የማልወጣበት አሠሪዬ ነው።

"አባቴ ታሟል። መውጫና መመለሻ ቪዛ አውጣልኝ" አልኩት።

"አላህ ይማረው። ምኑን ነው?"

"እጁን።"

"የእኔን እናት ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ሐኪም ቤት የሚወስዳት ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አየህ!" አለኝ ደስ ብሎት። "የልጆቹ ፈተና ይለፍ፣ ኢንሻአላህ።"

ፈተናው አለፈ። ረመዳን መጣ፣ እሱም አለፈ። እኔ አሁንም ኢንሻአላህ ላይ ነኝ።

እንግዲያው ሙዚቃውን እንኳ ይስማው ብዬ፣ አንድ ከሰዓት መላዝ ሰፈር ክሊኒክ በር ላይ የአሠሪዬን እናት መኪና ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩን የያዘችለት እናቴ ናት። ጉንጩ ጎድጉዷል። ሙዚቃውን ከፈትኩለት፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። ጎሽ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

"አንተው ነህ እኮ አባዬ። የሄድኩ ዕለት የመታኸው።"

"እኔ መሆኔንማ አውቃለሁ። እዚያች ጋ እጄ እምቢ ያለኝ ነው። መጀመሪያ እምቢ ያለኝ ያን ማታ ነው። ሰው ሳያውቅብኝ ብዬ ሮጬ ደረስኩባት። አንተ ያን ሁሉ ስመታ እሷን ነው የለቀምከው?"

መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። "ሰው እኮ የወደደው እሷን ነው፣ አባዬ። ሙዚቃውንም በስምህ ነው የጠራሁት።"

"ይውደዳት፣ አጫውታት። ስሜን ግን ሰርዝልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ምት ሳላዛባ ኖሬ ባዛባሁት ልጠራ? ስትመጣ ቀጥ ያለውን እመታልሃለሁ፤ እሱ ላይ ጻፈኝ።"

ይህን ሲል እናቴ በሌላ እጇ የውሃ ብርጭቆ አፉ ድረስ አስጠግታለት ነበር።

"እሺ አባዬ" አልኩት። "መጣሁ።"

አሮጊቷ ከክሊኒኩ ወጣች። ዓይኔን ጠርጌ በሩን ከፈትኩላት።

ሐሙስ ዕለት ስሙን ሰርዤ አጫወትኩ። ጎረምሶቹ እንደ ወትሮው ትከሻቸውን ጣሉ። ሳበቃ የግቢው ጠባቂ፣ ሰሞኑን የተቀጠረ የወሎ ልጅ፣ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ወንድሜ፣ ይሄን ድራም የሚመታው ሰው ማነው? አንጀት ይበላል እኮ።"

"ከኢንተርኔት ያገኘሁት ነው" አልኩት። "ማን እንደሆነ አላውቅም።"