ጽዋ መያዝ የተሳነው እጅ

ቄስ ገብረ ኪዳን በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ወዲያ ባለችው ኪዳነ ምሕረት ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል። ከቅዳሴ መልስ ሩዛቸውን የሚያርሙ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ሐምሌ ላይ ትኩሳት ሲጥላቸው አገር ምድሩ "ወባ ነው" አለ፤ ደማቸው ሲታይ ወባ የለም። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃቸው። ቁርጥማቱ ግን ጣታቸውና አንጓቸው ላይ ጎጆ ቀለሰ። "የሩዝ ማሳው ብርድ ነው" ብለው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰባት ቀን ተነከሩ፤ እንዳበጡ ተመለሱ።

የጤና ሠራተኛዋ ትርሲት ቤታቸው መጥታ የበሽታውን ስም ነገረቻቸው፤ ቺኩንጉንያ።

"ትንኝ ናት ያመጣችብዎ፣ አባ።"

"እኛ እኮ ከአጎበር ውጭ አድረን አናውቅም።"

"ይቺኛዋ ቀን ነው የምትነድፍ። የምትፈላውም ክዳን በሌለው በርሜል ነው።"

ባለቤታቸው ታይቱ ጣራ ሥር ለዝናብ ውኃ የደረደረቻቸውን በርሜሎች አየችና አቀረቀረች።

"ለነሐሴ ዐሥራ ስድስቱ በዓል ይለቀኛል?" አሉ ቄሱ።

"አንዳንዱን በወር ይለቀዋል፣ አባ። ዓመት የሚቆይበትም አለ።"

ያለ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። ደብሯ ያሏት ቄሶች ደግሞ እሳቸውና ቄስ ባየህ ብቻ ናቸው። የፍልሰታን ጾም ከማዶ ደብር የመጣ ቄስ ሸፈነላቸው፤ ለበዓሉ ግን እሱም ወደ ደብሩ መመለስ ነበረበት።

በዋዜማው ቄስ ባየህ መጡ። ከቆሎ ተማሪነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው።

"አንተ ብቻ ከጎኔ ቁም፤ ከባዱን ለኔ ተወው። ድሮም ለድምፅህ እንጂ ለጉልበትህ የፈለገህ የለም።"

ገብረ ኪዳን ሳቁ። ከዚያ ታይቱን አንድ ዋንጫ ውኃ አስመጡና በሁለት እጃቸው አነሡት። ደረታቸው ጋ ሳይደርስ ጣታቸው ተከፈተ፤ ውኃው ጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

"ውኃ ነው፣ ምን አለበት" አሉ ቄስ ባየህ ቀስ ብለው።

"ነገ ጽዋው ውስጥ ያለው ውኃ አይደለማ።"

ቄስ ባየህ ዋንጫውን ከመሬት አንሥተው ብዙ ጊዜ ይዘውት ቆዩ። "ሕዝቡን ምን እንበለው?"

"እኔ እነግረዋለሁ።"

በነጋታው ቅዳሴ እንደሌለ ሰምቶ፣ አቅም ያለው ሁሉ ልጁን አዝሎ፣ የርብን ወንዝ ሙላት እየዞረ ወደ ማዶ ደብር ሄደ። የቀሩት መሄድ የማይችሉት ናቸው። ዐይነ ስውሯ እማሆይ መባ፣ ጾሙን አንዲት ቀን ሳያፈርሱ የጨረሱት፣ በምርኩዝ እየዳሰሱ ከደጀ ሰላሙ ደረሱ።

"አባ፣ ቅዳሴው ገባ?"

"ዛሬ ቅዳሴ የለም፣ እማሆይ። እጄ እምቢ አለኝ።"

"እኔ እኮ ለመቁረብ ነበር የመጣሁ። ለከርሞው የምደርስ አይመስለኝም።"

ቄስ ገብረ ኪዳን ደግፈው ሊያስቀምጧቸው የእማሆይን ክንድ ሊይዙ ሞከሩ፤ መጨበጥ አልቻሉም። እማሆይ ብቻቸውን ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። የመቅደሱ በር እንደተዘጋ ረፈደ።