ከአልጋችን የተሠራው የወፍ ቤት

ባለቤቴ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በረንዳችን ላይ፣ ራሱ በሠራው ባለመደገፊያ ወንበር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ይጁቤ ውስጥ አናጺ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በከተማችን የእሱ እጅ ያላረፈበት በርና መስኮት ጥቂት ነው። ደብረ ማርቆስ ወስደን አሳከምነው። ንግግሩ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰለት፤ በግራ እጁ ማንኪያ መያዝም ለመደ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እኔ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታችን ስለተዘጋ ሁለታችንም ቤት ዋልን። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ዓመት አብረን ውለን አናውቅም፤ እንደዚያ ዓመትም ተኳርፈን አናውቅም።

ከበረንዳችን ፊት ለፊት፣ በጎረቤታችን ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ጽድ ነበረ። ግንዱ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ጥንድ በቀቀኖች ይኖሩ ነበር። ከጡጫ ብዙም የማይበልጡ አረንጓዴ ወፎች ናቸው፤ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ አለው። ባለቤቴ እነሱን ሲያይ ይውላል። ሲገቡ ይነግረኛል፣ ሲወጡ ይነግረኛል። ሌላ የሚያወራኝ ነገር አልነበረውም።

ኅዳር ላይ ጎረቤታችን የሚከራይ ክፍል ሊሠራ ዛፉን አስቆረጠው። ግቢው የራሱ ነው፤ ምን ይባላል? ወፎቹ ለብዙ ቀናት ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ እየተንጫጩ ዞሩ፤ ከዚያ የጎረቤታችን ጣራ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ ምሳውን እየተወ ያያቸዋል። አንድ ቀን ሳህኑን ላነሳ ስጠጋ፣

«ሣጥን ሥሪላቸው» አለኝ።

«የምን ሣጥን?»

«የሚገቡበት።»

«በምን እንጨት?» አልኩት። የሚሠራበትን የኪራይ ሱቅ ለአከራዩ አስረክበናል፤ የነበረን ጣውላ ለሕክምናው ሲባል ተሽጧል፤ መንገዱም እየተዘጋ ከማርቆስ ጣውላ የሚያመጣ አልነበረም።

በአገጩ ወደ ቤት ውስጥ አመለከተኝ። «አልጋው አለ።»

አልጋችን የዋንዛ ነው። በተጋባንበት ዓመት፣ ገና ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ፣ እሑድ እሑድ እየጠረበ የሠራው ነው። ራስጌው ላይ የወይን ሐረግ ቀርጾበታል። ከታመመ ወዲህ ከፍታው ስላስቸገረው ፍራሹን መሬት ላይ አውርደን አልጋውን ፈታትተን ግድግዳ አስደግፈነው ነበር።

«አልጋውን አልነካም» አልኩት።

«ከእንግዲህ አንወጣበትም» አለኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረው። ስለ ሌላ ሰው ዕቃ የሚያወራ ይመስል ነበር። ወደ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ግን የግርጌውን ጣውላ ጎትቼ በረንዳው ላይ አወጣሁት።

ሥራውን እሱ እየተናገረ እኔ እሠራለሁ። ምስማሮቹን በጉጠት ነቅዬ፣ በድንጋይ ላይ አቃንቼ ለየሁ። መስመር በእርሳስ አሰመረልኝ፤ በግራ እጁ ስለሆነ መስመሩ ይጣመማል፣ እሱም ይናደዳል። ጣውላውን በአንድ በኩል በመላጊያ እንድልግ አደረገኝ፤ በሌላው በኩል ግን ከለከለኝ። «ውስጡን አታለስልሺው፤ ጫጩቶቹ ምን ቧጥጠው ይወጣሉ?» አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከየት እንዳወቀ አልገባኝም።

መጋዙ አስቸገረኝ። ጣውላው መሃል ላይ ይነክሰዋል። «አትጫኚው! መጋዙ ራሱ ይበላል!» እያለ ይጮህብኛል። ሲጮህ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሲተሳሰር ደግሞ ይብሳል። በሁለተኛው ቀን መጋዙ ዘሎ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ደሙን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ቀና ስል፣

«ያ እጅ ለጠመኔ ነው የተፈጠረው» አለኝ።

«ያንተስ ለምን ይረባል?» አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱ በግራ እጁ ቀኝ እጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ ጋቢው ውስጥ ከተተውና አለበሰው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ውኃ ከመጠየቅ በቀር አላነጋገረኝም። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ጊዜ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ከጠየቅሁት ያልኩትን እንደገና ማለት ሊሆንብኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ሣጥኑን ብቻዬን በምስማር መትቼ ገጠምኩት። የቀረው መግቢያው ነበር። አስቀድሞ እንደነገረኝ የቀዳዳው ልክ የሻይ ብርጭቆ አፍ ነው፤ ከዚያ ከሰፋ አውሬ ያስገባል። ብርጭቆውን ደፍቼ ዙሪያውን በእርሳስ ሣልኩና በመሮ መፈልፈል ጀመርኩ። ሊጨረስ ትንሽ ሲቀረው እንጨቱ በአንድ ጎን ተሰንጥቆ ተገነጠለ። እሱ ምሳ በልቶ ውስጥ ተኝቷል። ሌላ ጣውላ መቁረጥ እችል ነበር። ግን መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ ድምፁን ደግሞ ፈራሁ። ዳሩን ሁሉ በመሮ እኩል አድርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አለሰለስኩት። ክብ ሆነ፣ አማረም፤ ግን በጣም ሰፍቶ ነበር። እሱ ሳይነሳ ወንድሜን ጠርቼ ግቢያችን ዳር ያለው ወይራ ላይ ከፍ አድርጎ እንዲሰቅለው አደረግሁ።

ሲነሳ ዐይኑን አጥብቦ አየው። «ልኩን ጠበቅሽ?»

«እንዳልከኝ» አልኩት።

እስከ የካቲት ማንም አልገባበትም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሴቷ ቀዳዳው ላይ ተንጠልጥላ ውስጡን ስታይ አገኘናት። በሳምንቱ ቅጠል በላባዋ ውስጥ ሰክታ ታስገባ ጀመር። ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ሳቀ። እጄን በግራ እጁ ያዘና የተቆረጠውን አውራ ጣቴን ዳሰሰው። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። ወፎቹ አሁን እዚያ ናቸው፣ ደስ ብሎታል፣ ለምን አበላሸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጫጩቶቹ ሲጮሁ ይሰማ ጀመር። ጥቂት ቀን ሰማናቸው። አንድ ጠዋት ግቢውን ልጠርግ ስወጣ ከወይራው ሥር መሬቱ በአረንጓዴ ላባ ተሸፍኗል። ሴቷንም ጫጩቶቹንም የበላው ሸለምጥማጥ ነው፤ ግንዱ ላይ የጥፍሩ ምልክት አለ። ላባውን እሱ ሳያይ ልጠርገው ተጣደፍኩ፤ ግን ወንዱ ወፍ ጣራው ላይ ሆኖ ሲጮህ ባለቤቴ ሰምቶ ኖሮ፣

«ሣጥኑን አውርጂልኝ» አለኝ ከውስጥ።

ወንድሜ መጥቶ ሣጥኑን አወረደውና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ባለቤቴ ግራ እጁን ጨበጠና በቀዳዳው አስገባው። ጡጫው እስከ አንጓው ሰተት ብሎ ገባ።

«ይሄ የሻይ ብርጭቆ ነው?»

«እንጨቱ ተሰነጠቀብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁህ» አልኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጁን ከሣጥኑ ውስጥ አላወጣም። ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ቆርቆሮ ቁረጪ። የብርጭቆውን ልክ ብሺው። ቀዳዳው ላይ ምቺበት» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ምግቡ ጨው ሲበዛበት እንኳ «ጥሩ ነው» ይለኛል። ቁጣውን እንደምንም ችዬው ነበር፤ ይህን አለመቆጣቱን ግን አልቻልኩትም።

ሰኔ ሲገባ ሁለተኛው ስትሮክ መታው። መንገዱ ዝግ ስለነበር ማርቆስ አላደረስነውም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃችንም ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ሲቀበር በስልክ ሰማች። ወንዱ በቀቀን ከዚያ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር። ሣጥኑን መልሰን ሰቅለነዋል፤ እስካሁን የገባበት ወፍ የለም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በመጋዙ ቀን ያልኩትንም፣ ስለ ቀዳዳውም። ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ይደክማል። መጨረሻውን ብቻ ሰምተው ኖሮ፣

«ስለ ወፍ ይህን ያህል አትጨነቂ ልጄ፤ እግዚአብሔር የፈጠረው አውሬም መብላት አለበት» አሉኝ።

«እሺ አባ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። እንደገና ጮክ ብዬ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ደጀ ሰላሙ ሰው ሞልቶበት ስለነበር ተውኩት።