ለእናቴ ጉልበት የተመረጠ ገንዳ

ጎንደር ውስጥ ለቤቱ የሙቅ ውሃ ገንዳ የሚገዛ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል እያልኩ ለዓመታት ተከራክሬያለሁ። ቧንቧው በፈለገው ቀን መጥቶ በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት ከተማ፣ ጀሪካን ደርድሮ በሚጠብቅ ሕዝብ መሃል፣ እስከ አንገት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መቀመጥ ለእኔ ድፍረት ነበር። ይህን በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም፣ ሰሚ ባገኘሁበት ሁሉ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ «ሰው ሲቀመጥበት ውሃው ጉልበቱን ይሸፍናል?» ብዬ ስጠይቅ፣ ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ብትሸፍን አልፈረድኩባትም።

ጥፋቱ የእናቴ ጉልበት ነው። እናቴ የምትኖረው ከደባርቅ ወዲያ፣ ጭጋጉ እስከ ቀትር በማይገፈፍበት ደጋ ነው። በየዓመቱ ወደ ፍል ውሃ ወርዳ ሰባት ቀን ተዘፍዝፋ፣ በራሷ ቆጠራ ዐሥር ዓመት ቀንሳ ትመለስ ነበር። አምና ግን ስትመለስ ከአውቶቡሱ መውረድ አቅቷት እኔና ረዳቱ ተሸክመን አወረድናት። ዘንድሮ ያ ጉዞ ቀረና አዘዞ ወዳለው ቤታችን መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣

«ሰባት ቀን ነው የምቀመጥ» አለች።

እኔ ክረምቱን እንድትከርም ፈልጌ ነበር። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጉልበት፣ ብቻዋን ምን ልትሆን? ግን «እማዬ፣ አትሂጂ» ማለት በእኔ ዕድሜ ላለ፣ ብዙ ላነበበ ሰው ይከብዳል። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃ ይገዛል።

እሷንም ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ሻጩ በስልኩ ፎቶ እያሳየ ያስመርጠን ጀመር። በመጀመሪያው ፎቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገንዳ ውስጥ ብርጭቆ ይዘው ይስቃሉ። እናቴ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ አየችው።

«ምነው፣ እነዚህ ምናቸውን ታመው ነው?»

«አልታመሙም እማማ፣ እየተዝናኑ ነው።»

«ሳይታመሙ ነው የገቡ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ለታመመ ሰው ቦታ ይልቀቁ» ብላ ስልኩን መለሰችለት።

ሻጩ ተስፋ አልቆረጠም። ስድስት ሰው የሚይዘውን አሳየን።

«ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ? ወንድና ሴት?»

«ቤተሰብ ከሆነ እኮ...»

«ቤተሰብ ከሆነማ ይባስ!»

ሦስተኛው በአየር የሚነፋ ነው፤ ናሙናው መሬት ላይ ተነፍቶ ተቀምጧል። እኔ በልቤ የመረጥኩት እሱን ነበር። እናቴ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችውና «ይኸማ አቁማዳ ነው። ድመት አንድ ጊዜ ብትቧጭረው አለቀ» አለች። በመጨረሻ ባለቤቴ ለሁለት ሰው የሚሆነውን ጠንካራውን ያዘች።

«ሁለተኛው ሰው ማነው?» አልኳት።

«እናትህ ውሃ ውስጥ ሆነው የሚያወሩት ሰው አይፈልጉም?»

ገዛነው።

ገንዳው ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተተከለ። ውሃውን በቦቴ አስመጣን። ጎረቤቱ ለሰፈሩ የመጣ መስሎት ጀሪካኑን ይዞ በራችን ላይ ተሰለፈ፤ እየቀዳሁ ሸኘሁት፤ ስለ ገንዳው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ውሃው ሲሞቅ እናቴ ጣቷን ነከረች።

«ሙቀቱ ሸጋ ነው። ማን አሞቀው?»

«ኤሌክትሪክ።»

«ፍል ውሃውን የሚያሞቀው እግዜር ነው። ኤሌክትሪክ ጉልበት ፈውሶ ያውቃል?»

አልገባም አለች። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በመጣች በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ የንስሐ አባታችንን እንጥራ አለች። የፈለግነው፣ አዲስ ማኪና እንደሚባረከው፣ ከያዙት ጸበል ጥቂት ገንዳው ላይ ረጨት አድርገው፣ እናቴንም «ግቢበት» እንዲሏት ነበር። ይህን ግን አስቀድሞ የነገራቸው የለም። እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሰባት መቶ» አልኩ። «ያን ያህል?» አሉ፤ ዓይናቸው በራ። ጸሎቱን አድርሰው መስቀላቸውን ሦስት ጊዜ እስከ እጀታው ውሃው ውስጥ ነከሩት።

እናቴ ወዲያው ጫማዋን አወለቀች። እኔንም አየችኝ፤ አወለቅሁ።

«በይ እንግዲህ እማዬ፣ ግቢ።»

«የት? ሰው በሚጠጣው ጸበል ተዘፍዝፌ ልቀመጥ?»

«ፍል ውሃውንም ጸበል ነው ትይ የለም እንዴ?»

«ያ ይፈሳል። ይኸ ቆሟል። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ የሚፈስና የቆመ አትለይም?»

ቄሱ ሳቅ የሚመስል ሳል ሳሉ። «እየተቀዳ ይፈስስባቸው» አሉ።

«እንግዲያ ይህን ልድፋውና ሌላ ልሙላ?» ብል ሦስቱም ባንድ ድምፅ ጮኹብኝ። ጸበል በቦይ አይወርድም፤ እግር በሚረግጠውም ቦታ አይደፋም። ማሞቂያው ጠፋ። በሻጩ አንደበት ጀርባ የሚያሸው አረፋም አንድ ቀን እንኳ ሳይፈላ ቀረ።

በማግሥቱ እናቴ በርጩማ አስወጥታ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠች። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶት ነበርና ጎረቤቱ አሁን የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ጫማውን ያላወለቀ፣ እህል የቀመሰ፣ ጠርሙሱን ያላጠበ አይቀዳም። እየተነሳች በር ትከፍታለች፣ ትቀዳለች፣ ትመርቃለች፣ ትቆጣለች። ጠዋት ጠዋት፣ ውሃው እግር እንዳይረግጠው፣ ጓሮ ካለው ጤና አዳም ሥር ቆማ አንድ ጣሳ ጉልበቷ ላይ ታፈሳለች። እየተሻለኝ ነው ትላለች። የተሻላት በጸበሉ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ ከበር ገንዳ በመመላለሷ? አንድ ጊዜ ጠይቄ ተሰድቤያለሁ፤ ጤና አዳሙ ግን ያለ ጥርጥር ወፍሯል።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። «ለነገ ማኪና ልያዝልሽ?» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

«ይኸን ጥዬ? ለማን? ላንተ?»

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ገንዳው በየቀኑ ይጎድል ጀመር፤ እኔም ከቤት ስወጣ አንዴ፣ ስገባ አንዴ መጠኑን እያየሁ እጨነቃለሁ። ሲያልቅ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት ቧንቧው ሲመጣ ጎማውን ጎትቼ ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። ቀና ስል እናቴ በርጩማዋ ላይ ናት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያለቀ ነው ብዬ...»

ጎንበስ ብላ አየችው። «ገና ከግማሽ በላይ ነው። ሊያልቅ ሲል ይጨመርበታል፤ ያው ጸበል ነው። የት እሄድብህ ብለህ ነው እንዲህ የምትቸኩል?»

ቧንቧውን ዘጋሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ መጠጋቴን አይታ ነበር፤ ለዚያ ቀን ማረችኝ።