በነጠላ የሸፈንኩት ሰማይ

በ2010 ዓ.ም. በታኅሣሥ፣ የገብሱ ውቂያ አልቆ ውርጩ በበረታበት ሰሞን ነው ከመንዝ የወጣሁት። አውቶቡሱ ከሞላሌ የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነው። ስለዚህ ዋዜማውን ከልጄ ከማርታ ጋር አባቴ ቤት አደርን። አባቴ ቄስ ናቸው። በመስቀላቸው ባርከውን ወደ ደጅ አወጡን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል።

«ባልሽ ያለበት አገር ምን እንዳለ አላውቅም» አሉኝ። «ይሄ ግን እዚያም አለ። ሲከፋሽ ቀና በይ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እናቴ በሶ ቋጠረችልኝ። ባናዬን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ጠቅልዬ ሄድን።

ኖርዌይ አየር ማረፊያ ላይ አንድ ፈታሽ የበሶውን ከረጢት ከፈተ። ዱቄቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አስተርጓሚ በስልክ ተጠራ።

«ምንድን ነው?»

«በሶ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያጠግባል።»

አላመነኝም። እኔም አንድ እፍኝ ዘግኜ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ደረቅ በሶ እንደሚያንቅ ታውቃላችሁ። ሳልኩ፣ እንባዬ ወረደ፣ ማርታ ሳቀችብኝ። ሰውዬው ደንግጦ ውኃ አመጣልኝና አሳለፈን። ውኃውን ስለሰጠኝ እግዚአብሔር ይስጠው።

ባሌ ተክሌ የሚተዳደረው ቤት በመቀባት ነው። የተከራየልን ቤት «ሼለር» ይባላል፣ ከሰው ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት ማለት ነው። መስኮቱ ከበረዶው እኩል ነው። በዚያ ሲያልፉ ከሰዎቹ የሚታየን ጫማቸው ብቻ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቼን ለብዙ ጊዜ የማውቃቸው በጫማቸው ነበር። አገሩ ሰላም ነው፣ ይመስገን። ገብስ አላቸው፣ ቆሎ ግን አያውቁም። አይባቸው ቡናማ ነው፣ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል። ድንች በየቀኑ ይበላሉ፣ ማንም አያዝንላቸውም። ብርዱንም ከመንዝ ለመጣ ሰው አይነግሩትም። የቸገረኝ ሰማዩ ነው። እናንተ ጋ በጋ ሲሆን እዚህ ደመናውና የመንገዱ መብራት ኮከብ አያሳዩም። እናንተ ጋ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይመሽም። አባባ ቀና በይ ብለውኛል፣ ቀና ስል ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው በላይ አከራያችን ይራመዳል።

«እማዬ፣ ኮከቦቹ የት ሄዱ?» አለችኝ ማርታ አንድ ቀን።

ተክሌ ከሥራ የተረፈ ቀለምና ቁራጭ ጣውላ ያመጣ ነበር። አንዱን ጣውላ ጥቁር ቀባሁት፣ ሲደርቅ ከዋክብቱን በነጭ ነጠብጣብ አደረግሁበት። ሥዕል የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ማርታ ግን ደስ አላት፤ ከትምህርት ቤት የሰማይ መጽሐፍ እያመጣች ታሳየኝ ጀመር። ቀለበት ያላትን ፕላኔት ሣልኩ። ከሩቅ የምትታየውን ምድራችንን ሣልኩ። በሁሉም ግርጌ ግን የጓሳ ሣር አደረግሁበት፤ ሰማይን ከሌላ ቦታ ሆኜ ጠግቤ አይቼ አላውቅማ።

አከራያችን አንድ ቀን ቧንቧ ሊያይ ወረደ። ቧንቧውን ትቶ ሥዕሎቹን አያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰማይ ነው» አልኩት በተሰባበረ ቋንቋዬ።

«በምስማር ነው የሰቀልሽው?»

«አዎ።»

«ውሉ ምስማር ይከለክላል።»

«ሰማይስ?»

አሰበበት። «ስለ ሰማይ የሚል ነገር የለም» አለ። «መሬት ላይ አስቀምጪው።»

ሰማዬን አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ማርታ አንዱን ሥዕል ትምህርት ቤት ወሰደችው። አስተማሪዋ ኢንግሪድ ለምትባል የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነገረቻት። ኢንግሪድ ደግሞ ጠራችኝና፣ ግድግዳችን ላይ ስቀዪና ሕዝብ ይይልሽ አለችኝ። ፈራሁ።

«እሺ በያት» አለ ተክሌ። «እዚያ ምስማር ይፈቀዳል።»

በእኛ ደብር ሥዕል እንዲሁ አይሰቀልም፣ መጋረጃ አለው። የሚያየው ሰው ተሳልሞ ይገልጠዋል፣ አይቶ ይመልሰዋል። እኔ የማውቀው አሰቃቀል ይሄው ነው። አንድ ነጠላ ቀድጄ ለእያንዳንዱ ሥዕል መጋረጃ ሰፋሁለት።

ቅዳሜ ዕለት ሰው መጣ። ከየጨርቁ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የሚገልጥ የለም። ለካ እዚያ አገር የተሰቀለ ነገር መንካት ነውር ነው። እኔ እስኪገልጡ እጠብቃለሁ፣ እነሱ ላለማስቀየም ይጠነቀቃሉ። አንድ ረጅም ሽማግሌ እጄን ጨብጦ፣ «ባዶነቱን ወደድኩት» አለኝ። እኔም «ታክ» አልኩት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

በመጨረሻ ኢንግሪድ መጣች። «ሥዕሎቹስ የታሉ?»

«ከጨርቁ ኋላ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ መንካት ይፈቀዳል የሚል ወረቀት ለጠፈች። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ጨርቁን በአንድ ጣት ነክተው ሳይገልጡ ይሄዱ ጀመር።

ቅዳሜውን እንኳን ደስ አለሽ ልትለኝ የመጣች የአገሬ ሰው ነበረች፤ የሞላሌዋ እትዬ ዘነበች። ፎቶ አንሥታ ወደ አገር ላከችው። ክፋት የላትም። «የቄሱ ልጅ የአስካለ የከዋክብት ሥዕል» ብላ ነው የላከችው። ፎቶው ላይ ግን እኔ ቆሜያለሁ፣ ከኋላዬ መጋረጃ ብቻ ነው የሚታየው።

አባቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩ የሚሠራበት ዳገት ድረስ ወጥተው ይደውሉልኛል፣ ይመርቁኛል። በሳምንቱ እሑድ ግን አልደወሉም። እኔ ስደውል ዳገቱ ላይ ሆና ያነሣችው እናቴ ናት።

«አባባስ?»

«አሉ። እዚሁ አጠገቤ ናቸው። አኩርፈዋል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ገበያው ያወራል እንጂ እኔ ምን አውቄ። አስካለ ፈረንጅ አገር ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣ ኮከብ ትቆጥራለች አሉ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ የምትነግሪያቸው ይደርሳል?»

እንዴት አላሰብኩትም? መጋረጃ በደብራችን ክብር ነው። ጠንቋይም ግን የሚቀመጠው ከመጋረጃ ኋላ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ከጠንቋይ ደጅ ሲመልሱ የኖሩ ናቸው። አሁን የገዛ ልጃቸው። የእሳቸውን ምርቃት ካጣሁ በሰው አገር ምን ይዤ እቆማለሁ?

«ስልኩን ስጪያቸው፣ እማዬ። በእመቤቴ።»

የአባቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ፎቶውን ቢያሳዩአቸውም አያዩትም። ስለዚህ ጠየቁኝ።

«አስካለ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«የሰው ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምረሽ ኮከብ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ይሄ ይገጥምሃል፣ ያ ይገጥምሻል ብለሻል?»

«ቋንቋውንስ መች አወቅሁት፣ አባባ?»

በስልኩ የዳገቱ ነፋስ ይሰማኛል።

«ታዲያ ሥዕሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ከላይ ከዋክብት። ከታች ሣር።»

«የምን ሣር?»

«ጓሳ። ያኔ ቀና በይ ብለውኝ አልነበር? እዚህ ቀና ስል ጣሪያ ሆነብኝ። ያሳዩኝን ነው የሣልኩት።»

«መጋረጃውስ?»

«በደብራችን እንደለመድኩት ነዋ።»

አባቴ ሲስቁ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ያን ቀን እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ ከጎን «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች።

«የኔ ሞኝ» አሉኝ። «የቅዱሳን ሥዕል ይሸፈናል፣ ደግ። ሰማዩን ግን ፈጣሪ ለጻድቁም ለኃጥኡም ገልጦ ትቶታል። አንቺ ምን ቤት ነሽና ትሸፍኚዋለሽ? ግለጪው።»

«እሺ አባባ።»

«የገበያውን ወሬ እኔ እመልሰዋለሁ።» ደግሞ፣ «የንጋት ኮከብ አለበት?» አሉኝ።

«ረሳሁት።»

«ከማሕሌት ስንወጣ በምሥራቅ በኩል የማየው እሱን ነበር። አሁን አይታየኝም። ጨምሪበት።»

ከዚያ መረቁኝ፣ እኔንም ተክሌንም ማርታንም በየስማችን ጠርተው። አሜን፣ አሜን አልኩ። በዚያ ሌሊት የሰላም እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማርታን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ደረስኩ። መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ አጣጠፍኳቸው። ረጅሙ ሽማግሌ ጋዜጣ ሊያነብ መጥቶ ነበር። ደንግጦ ቆመ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ ሣሩን አየ፣ ከዋክብቱን አየ። ወንበር ስቦ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

እኔ የመጀመሪያዋ ጣውላ ሥር ተንበርክኬ ብሩሹን ሳነሣ ኢንግሪድ ሮጣ መጣች።

«አስካለ! የተሰቀለ ሥዕል ላይ አይቀባም።»

«አባቴ ናቸው ያዘዙኝ።»

አየችኝና ቀለሙ ወለሉን እንዳይነካ ጋዜጣ አነጠፈችልኝ። ኮከቡን ከሣሩ ጫፍ ብዙም ሳላርቅ፣ ከደብሩ ደጅ ቆሞ ለሚያይ ሰው በሚሆን ልክ አደረግሁት፣ ከሌሎቹ ተለቅ አድርጌ። አባባ አያዩትም። ብሩሹን በነጠላው ቁራጭ ጠርጌ፣ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥኩና ቀና አልኩ።